የፊት መብራት ከፍቶ መቀባትና ማሻሻል፦ ቤት ውስጥ፣ በገዛ እጅ

የመኪና የፊት መብራት መክፈት ብዙ ሰው የሚፈራው ሥራ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን መክፈቱ ቀላል ነው። ሥራውን የሚያበላሸው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥድፊያ ነው። እኔ የመጀመሪያዬን ስሠራ ክፈፉን፣ ማለትም መብራቱ ውስጥ ዙሪያውን ያለውን የፕላስቲክ ጌጥ፣ ጠዋት ጥቁር ቀባሁት፤ በጣቴ ስነካው የደረቀ ስለመሰለኝ ማታውኑ መብራቱን መልሼ አሸግኩት። ተገጥሞ ሳየው በጣም ያምር ነበር። በሦስተኛው ሌሊት መስታወቱ ከውስጥ በኩል ወተት የነካው ይመስል ነጭ ጉም ለበሰ። ቀለሙ ከላይ ደርቆ ከሥር ገና እርጥብ ነበር፤ አምፖሉ ሲያሞቀው ውስጡ የቀረው ቲነር ተነነና ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ሄዶ ተለጠፈ። ሁሉንም እንደገና መክፈት ነበረብኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች "ጠብቁ" ያልኩባቸውን ቦታዎች ከሌላው ሁሉ አስበልጣችሁ ያዙልኝ።

ከመጀመሪያው መግባባት ያለብን ሌላም ነገር አለ። ብርሃን የሚያልፍበትን ወይም የሚነጥርበትን ነገር አንቀባም። የምንቀባው ክፈፉን ብቻ ነው። መስታወቱን ከውጭ በጥቁር ስፕሬይ ወይም በጥቁር ላስቲክ መሸፈን ቀን ላይ ያምር ይሆናል፤ ሌሊት ግን መንገዱን ያጨልምባችኋል፣ ብዙ አገር ውስጥም ያስቀጣል። ባለ ቀለም ብርሃንም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ከመኪና ፊት ቀይ ብርሃን እንዳይታይ ይከለክላል፤ ዋናው የፊት መብራት ነጭ ወይም ቢጫ ነው መሆን ያለበት። ሰማያዊ በአብዛኛው ለፖሊስና ለአምቡላንስ የተተወ ነው። የምትኖሩበት አገር ደንብ ምን እንደሚል አስቀድማችሁ እዩ፤ ምርመራ ላይ ተመልሳችሁ ሥራውን ከማፍረስ ይሻላል።

መብራታችሁን እወቁት

ከፊት ያለውን ግልጽ ሽፋን ሁላችንም መስታወት እንለዋለን እንጂ በዛሬ መኪኖች ላይ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ከኋላ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ቤቱ ነው። መሃል ላይ የሚያብረቀርቀው ሳህን አንጸባራቂው ነው። በዙሪያው ያለው ጌጥ ደግሞ ክፈፉ። መስታወቱና ቤቱ የተያያዙት ዙሪያውን በሚዞር ቦይ ውስጥ በተሞላ ማጣበቂያ ነው። መክፈት የምትችሉትና የማትችሉት በዚህ ማጣበቂያ ይወሰናል።

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ቡታይል ይባላል፦ ጥቁርና ለስላሳ ነው፣ በጥፍር ሲጫኑት ይገባል፣ ሲሞቅ እንደ ማስቲካ ይሳባል። ሁለተኛው ደርቆ የጠነከረ ነው፤ ሙቀት አያለሰልሰውም፣ በስለት ካልተቆረጠ አይለቅም። የእናንተ ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ ለመጀመሪያ ሥራ አትሞክሩት። የድሮ መኪና ሆኖ ሽፋኑ እውነተኛ መስታወት ከሆነም በሙቀት ሊሰነጠቅ ስለሚችል ተዉት። የኋላ መብራት ደግሞ ብዙ ጊዜ ፕላስቲኩ እርስ በርሱ ቀልጦ የተበየደ ስለሆነ በዚህ ዘዴ አይከፈትም።

ከተቻላችሁ ከፈረሰ መኪና የወጣ አሮጌ መብራት ፈልጋችሁ መጀመሪያ እሱ ላይ ተለማመዱ። የየትኛውም መኪና ይሁን ግድ የለም። ቡታይሉ ሲለቅ እጅ ላይ ያለውን ስሜት አንዴ ካወቃችሁት የራሳችሁን ስትከፍቱ አትጨነቁም።

የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም፦ ካቻቢቴ (ጠፍጣፋና መስቀለኛ)፣ ፒንሳ፣ ባለ 10 ቁልፍ፣ ወፍራም ጓንት፣ 400 እና 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ለፕላስቲክ የሚሆን ማያያዣ ስፕሬይ፣ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም)፣ ቀለም፣ አዲስ የቡታይል ገመድ፣ ቴስተር (የቮልት መለኪያ)። ኦቨኑ ደግሞ ምግብ የማይሠራበት ቢሆን እመርጣለሁ።

ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ

ይህን ሳታደርጉ አንድም ብሎን አትፍቱ። መኪናውን ሜዳ ቦታ ላይ ከግድግዳ ፊት ለፊት አቁሙ፤ ቦታ ካላችሁ በ10 ሜትር፣ ካልሆነ በ5 ሜትር ርቀት። አጭሩን መብራት አብሩ። ብርሃኑ ከላይ በኩል ቁርጥ የሚልበት መስመር ይታያችኋል። እዚያ መስመር ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ ለግራውም ለቀኙም። ጎማዎቹ የቆሙበትንም መሬት ላይ ምልክት አድርጉበት። ሥራው ሲያልቅ መብራቱን የምትመልሱት ወደዚህ ምልክት ነው። መብራቱ ከዚያ በፊት በትክክል የተስተካከለ ከነበረ ይህ ፕላስተር ብዙ ድካም ያድናችኋል።

ማውጣት

የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። መኪናችሁ ዜኖን (በክር ሳይሆን በጋዝ ውስጥ በሚያልፍ ኤሌክትሪክ የሚበራ አምፖል) ያለው ከሆነ ይህ ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም፤ ዜኖን ሲቀጣጠል ከ20,000 ቮልት በላይ ያመነጫል፤ ስለዚህ አጥፍታችሁ፣ ንቀላችሁ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ነው የምትነኩት።

ኮፋኖውን ስትከፍቱ ከላይ ያሉት ብሎኖች ይታያሉ። ታችና ጎን ያሉት ግን በብዙ መኪና ላይ ፓራውርቲው ካልወረደ አይደረስባቸውም። ጉልበት አትጠቀሙ፤ የማይወጣ ነገር ካጋጠማችሁ ያልተፈታ ብሎን ወይም ያልተላቀቀ ክሊፕ አለ ማለት ነው። የመብራት ማሰሪያ ጆሮ አንዴ ከተሰበረ መብራቱ መንገድ ላይ ይንቀጠቀጣል። እኔ ካርቶን ላይ የመብራቱን ቅርጽ እሥልና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ካርቶኑ ላይ እሰካዋለሁ፤ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ሲገጠም ይጠቅማል። መብራቱ በእጃችሁ ከገባ በኋላ አምፖሎቹን፣ የኋላ ክዳኖቹን፣ የጎማ ማሸጊያዎቹንና የሚነቀል የኤሌክትሪክ ዕቃ ካለ እሱንም አውጡ። ጠርዙ ላይ ያሉትን ትንንሽ ብሎኖችና የብረት ቆንጣጮች ሁሉ አንሱ። አንዷ ብትረሳ መስታወቱን የምትሰብረው እሷ ናት።

ኦቨን

ኦቨኑን ወደ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቁ። የኦቨን ማዞሪያ ቁጥር ብዙ ጊዜ እውነቱን ስለማይናገር የኦቨን ቴርሞሜትር ካላችሁ ውስጥ አስቀምጡ። የላይኛውን ማሞቂያ አጥፉት፤ ፊት ለፊት የሚመታ ሙቀት ፕላስቲክ ያጣምማል። መደርደሪያው ላይ ጣውላ አድርጉና መብራቱን መስታወቱ ወደ ላይ ሆኖ አስቀምጡት፤ ብረት ምንም ቦታ ላይ እንዳይነካው። ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ከአጠገቡ አትራቁ።

ጓንታችሁን አድርጋችሁ አውጡት። የጠፍጣፋው ካቻቢቴ ጫፍ በፕላስተር የተጠቀለለ ይሁን። ከአንድ ማዕዘን ጀምራችሁ በመስታወቱ ጠርዝና በቦዩ መሃል ቀስ ብላችሁ አስገቡት፣ ትንሽ አንሱት፣ ጣታችሁን አስገቡ፣ ወደሚቀጥለው ክሊፕ ሂዱ። ቡታይሉ እየተሳበ ረጃጅም ጥቁር ክር ይሆናል። ይኼኔ ነው መጠንቀቅ፦ ክሩ አንጸባራቂው ላይ ከወደቀ አይጸዳም። መስታወቱን ወደ ጎን ሳይሆን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱት፤ ክሩን በመቀስ ቁረጡት። መሃል ላይ እምቢ ካለ አትጎትቱ፤ ቀዝቅዟል ማለት ነው፤ 3 ወይም 4 ደቂቃ መልሳችሁ ኦቨን አስገቡት።

ኦቨኑ ካልበቃው ሂት ጋን (ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ) ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ ሳታቆሙት በቦዩ ዙሪያ እያዞራችሁ በትንሽ በትንሹ ትከፍታላችሁ። ጊዜ ይፈጃል፣ ይሠራል።

አሁን ውስጡ ፊት ለፊታችሁ ነው። አንጸባራቂው ላይ ያለው ብልጭታ እጅግ በጣም ስስ አሉሚኒየም ነው። በጨርቅ ብታብሱት ይጫራል፣ በአልኮል ብትነኩት ሊነሳ ይችላል፣ ጣታችሁ ካረፈበት አሻራው እዚያው ይቀራል። አቧራ ካለ በእጅ በሚጨመቅ መንፊያ እፍ በሉበት፤ ከዚያ በላይ አትንኩት። ክፈፉን ከያዙት ብሎኖች ፍቱና ለብቻው አውጡት። ቤቱን ከነአንጸባራቂው በንጹሕ ፌስታል ጠቅልላችሁ ከቀለሙ ቦታ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ቀለሙ

ክፈፉን በሞቀ ውኃና በእቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፣ አድርቁት። ከዚያ በ400፣ ቀጥሎ በ600 ፍቁት። ብዙ ክፈፍ ክሮም ቀለም አለው፤ እዚያ ላይ ብልጭታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ መፈቅፈቅ አለበት። ክፈፉን ወደ መስኮት ብርሃን አዘንብላችሁ እዩት፦ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካለ ቀለሙ ከዚያ ነጥብ ተነስቶ ነው የሚላጠው። ጠበብ ያሉ ማዕዘኖች ውስጥ የብርጭቆ ወረቀቱን አጥፋችሁ በጥፍራችሁ እየገፋችሁ ፍቁ። ከዚያ በአልኮል አብሱት፣ ከዚህ በኋላ ያለ ጓንት አትንኩት።

ቀለም ስትመርጡ አንድ ስህተት በጣም የተለመደ ነው። "መብራት ስለሚሞቅ" ብሎ ለጭስ ማውጫ የሚሆነውን፣ 600 ዲግሪ የሚችለውን ቀለም መግዛት። ያ ቀለም በደንብ የሚጠነክረው ራሱ በጣም ሲጋገር ነው፤ ክፈፉ ደግሞ ፕላስቲክ ስለሆነ ያን ሙቀት አይችልም። ስለዚህ ቀለሙ ሳይበስል ይቀርና በኋላ መስታወቱን ያጨሳል። ለመኪና ፕላስቲክ ዕቃ የተሠራ ቀለም ይበቃል። ሃሎጅን (የተለመደው ባለ ክር) አምፖል አፍንጫ ሥር ያለውን፣ በጣም የሚሞቀውን ቀለበት ግን ፋብሪካው እንደሠራው ተዉት።

ስለ ቀለሙ ዓይነት የኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ከአምፖሉ ወይም ከፕሮጀክተሩ (የራሱ ክብ ሌንስ ካለው የብርሃን ክፍል) አጠገብ ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ፣ ጥቁር። የሚያብለጨልጭ ነገር እዚያ ሲኖር ብርሃኑን ወዳልታሰበበት አቅጣጫ ይበትነዋል። ራቅ ብሎ ያለውን ክፍል በመኪናው ቀለም ወይም በጥቁር ግራጫ መቀባት ያምራል። ሁለት ቀለም የምትጠቀሙ ከሆነ የመጀመሪያው በደንብ ሳይደርቅ ፕላስተር አትለጥፉበት።

ቅደም ተከተሉ ይኼ ነው። ለፕላስቲክ ማያያዣው አንድ ስስ ልባስ። ከዚያ ፕራይመር ሁለት ልባስ። ከዚያ ቀለሙ ሦስት ወይም አራት ልባስ፣ በየመሃሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ቆርቆሮውን ሁለት ደቂቃ ያህል በደንብ ናጡት። ከክፈፉ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ራቁ። መርጨት የምትጀምሩት ከክፈፉ ውጭ፣ የምታቆሙትም ከክፈፉ ውጭ ነው፤ አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ጠብታ ይተፋልና። የመጀመሪያው ልባስ እዚህም እዚያም ፕላስቲኩ እየታየ ዝንጉርጉር ቢሆን አትደንግጡ፣ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። በአንዴ ለመሸፈን የሚሞክር ሰው ቀለሙ ሲንጠባጠብ ያየዋል። አየር ባለበት ቦታ ሥሩ፣ ለቀለም የሚሆን ማስክ አድርጉ፤ በብርድና በዝናባማ ቀን አትቀቡ።

አሁን ጠብቁ። ቢያንስ 24 ሰዓት ይደር፣ 48 ቢሆን ደስ ይለኛል። ከዚያ ክፈፉን ለብቻው ኦቨን ውስጥ በ60 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት አቆዩትና አቀዝቅዙት፤ የቀረው ቲነር እዚህ ይውጣ እንጂ መብራቱ ውስጥ አይውጣ። መድረቁን የማረጋግጥበት ዘዴ አለኝ፦ ክፈፉን በንጹሕ ፌስታል ውስጥ አስሬ ፀሐይ ላይ ለጥቂት ሰዓት አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ ፌስታሉን ፈትቼ አፍንጫዬን አስጠጋለሁ። የቀለም ሽታ ካለ አልደረቀም። ሌላ ቀን ይጨመርለታል። ምንም ሽታ ከሌለ ይታሸጋል።

ብርሃኑን ማሻሻል

ቀለሙ እየደረቀ ሳለ ወደ ብርሃኑ እንሂድ። ሰው ሁሉ በቅድሚያ አምፖል ለመግዛት ይሮጣል። እኔ ግን መጀመሪያ ቴስተር አውጡ እላለሁ። ሌላው መብራት መኪናው ላይ እንዳለ፣ ባትሪውን ለጊዜው መልሱ፣ ሞተሩን አስነሱና መብራቱን አብሩ። የባትሪውን ቮልት ለኩ፦ 14 አካባቢ ይሆናል። ከዚያ አምፖሉ ሶኬት ላይ ለኩ። እዚያ ከ13 በታች ካገኛችሁ ችግሩ አምፖሉ አይደለም፤ ያረጀ ሽቦና የተበላ ማብሪያ ኤሌክትሪኩን መንገድ ላይ እያስቀሩት ነው። ሃሎጅን አምፖል 10 በመቶ ቮልት ሲያጣ 30 በመቶ ያህል ብርሃን ያጣል። ስለዚህ በብዙ አሮጌ መኪና ላይ ርካሹና ትልቁ ማሻሻያ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ተቀስቅሶ ትልቁን የሚያሳልፍ ማብሪያ) እና ወፍራም ሽቦ ነው።

ሪሌው ላይ አራት ቁጥር ታገኛላችሁ። 30 ከባትሪው ፖዘቲቭ በ15 አምፔር ፊውዝ በኩል ይመጣል፤ ፊውዙ ለባትሪው በጣም የቀረበ ይሁን። 87 ወደ አምፖሉ ይሄዳል፣ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ። 86 ላይ የድሮውን የመብራት ሽቦ ታስገባላችሁ፣ ከእንግዲህ ሥራው ሪሌውን መቀስቀስ ብቻ ነው። 85 ኔጌቲቭ ነው። ለአጭሩ አንድ፣ ለረጅሙ አንድ ሪሌ ያስፈልጋል። አንዳንድ መኪና ግን ማብሪያው የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ሳይሆን ኔጌቲቩን ነው፤ በግምት አትቀጥሉ፣ በቴስተር አረጋግጡ። ኮምፒውተር መብራቱን የሚቆጣጠርበት አዲስ መኪና ላይ ደግሞ ይህን ሥራ ተዉት። የሽቦ መጋጠሚያ በደንብ ይበየድ ወይም በመጋጠሚያ ይጨመቅ፣ በላዩ በሙቀት የሚጨማደድ ላስቲክ ይልበስ። ኮፋኖ ሥር ናስትሮ ብቻውን ሙቀቱን አይችልም፤ ቀልጦ ይለቃል።

አምፖሉን በተመለከተ፣ ኤች 7 የሚባለው 55 ዋት ሆኖ 1,500 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) አካባቢ ይሰጣል፤ ኤች 4 ደግሞ ለረጅሙ 60፣ ለአጭሩ 55 ዋት ነው። በዚያው ቦታ 100 ዋት የሚያስገባ ሰው አለ። 100 ዋት በ12 ቮልት ከ8 አምፔር በላይ ነው፤ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ አንጸባራቂው ይቃጠላል። አዲስ ሃሎጅን ስትገጥሙ ብርጭቆውን በባዶ እጅ አትንኩ፤ የጣት ቅባት የነካው ቦታ ከመጠን በላይ ይሞቅና አምፖሉ ቶሎ ይሞታል። ከነካችሁት በአልኮል አጽዱት።

ኤልኢዲ አምፖል በሃሎጅን ቤት ውስጥ ማስገባት ዛሬ በጣም የተለመደ ነው። ለምን እንደምጠነቀቅበት ልንገራችሁ። አንጸባራቂው የተሠራው ብርሃን ጥቂት ሚሊ ሜትር ከሆነች አንዲት ክር እንደሚወጣ ታስቦ ነው። ኤልኢዲው ከዚያች ቦታ ትንሽ ከራቀ ብርሃኑ መንገዱ ላይ መውደቁን ትቶ ፊት ለፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይን ውስጥ ይገባል። እናንተ ከመኪናችሁ ፊት ያለው ነገር ሁሉ ስለበራ ጥሩ ይመስላችኋል፣ ራቅ ያለው ግን ጨለማ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሉመን ቁጥርም አትመኑ። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የፈቀደችው እንኳ የተወሰኑ አምፖሎችን ለተወሰኑ መኪኖች ብቻ ነው፤ አምፖሉና ቤቱ አብረው ስለሚታዩ። በብዙ አገር ደግሞ ጨርሶ አይፈቀድም። በሚፈቀድበት ቦታ የምትሞክሩ ከሆነ ቺፖቹ (ብርሃን የሚሰጡት ትንንሽ ነጥቦች) ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ሰዓት ላይ 3 እና 9 ወዳሉበት አቅጣጫ ይዙሩ፣ ግድግዳ ላይ የብርሃኑ መስመር ቁርጥ ብሎ ካልታየ አውጡት። ዳሽቦርዱ "አምፖል ተቃጥሏል" ካለ ኤልኢዲው የሚስበው ኤሌክትሪክ ስላነሰ ነው፤ ለዚህ የሚጨመረው ሬዚስተር እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ስላለው ብረት ላይ እንጂ ፕላስቲክ ላይ አትግጠሙት።

ስለ ብርሃኑ ቀለምም ትንሽ፤ የሚለካው በኬልቪን ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ቢጫ፣ ሲበዛ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ሃሎጅን 3,200 ኬልቪን አካባቢ ነው፣ የፋብሪካ ዜኖን 4,300፣ ኤልኢዲ ብዙ ጊዜ ከ5,000 እስከ 6,000። ከዚያ በላይ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ በዝናብና በጭጋግ መንገዱ ይጠፋባችኋል፣ የሌላውንም ዓይን ይወጋል። ፈረንሳይ ውስጥ እኮ እስከ 1993 ድረስ የፊት መብራት ቢጫ እንዲሆን ሕግ ያስገድድ ነበር።

መብራቱን አንዴ ከከፈታችሁት ብርሃኑን በእውነት የሚለውጠው ፕሮጀክተር ነው። የራሱ ሌንስ፣ የራሱ መስመር ቆራጭ ስላለው ብርሃኑን የሚቀርጸው እሱ ራሱ እንጂ የድሮው አንጸባራቂ አይደለም። ሕጉ ግን እዚህም ይጠየቃል። ሌንሱ 2.5 ኢንች ወይም 3 ኢንች የሆነ ይገኛል። ከመግዛታችሁ በፊት ከአምፖሉ ቀዳዳ እስከ መስታወቱ ያለውን ጥልቀት ለኩ፤ ከኋላ የሚወጣውንም ማቀዝቀዣ አትርሱ። ሌላው ሰው የሚስተው፦ የብርሃኑ መስመር አንድ ጎኑ ከፍ ይላል፣ የመንገዱን ዳር እንዲያሳይ። በቀኝ በሚነዳበት አገር ከፍ የሚለው ቀኙ ነው፣ በግራ በሚነዳበት ግራው። የተገላበጠ ከገዛችሁ ብርሃኑ የሚያርፈው ፊት ለፊት በሚመጣው መኪና ላይ ነው።

ብዙዎቹ ፕሮጀክተሮች በአምፖሉ ቀዳዳ አልፈው ከኋላ በትልቅ ብሎን ይታሰራሉ። እስከ መጨረሻው አታጥብቁት። መብራቱን ያለ መስታወት መኪናው ላይ ለጊዜው አስቀምጡ፣ አብሩት፣ ግድግዳው ላይ ያለው መስመር አግድም ልክ እስኪሆን ፕሮጀክተሩን በእጃችሁ አዙሩ፣ ከዚያ አጥብቁ። አሁን ያልተስተካከለ ጠማማ መስመር ከታሸገ በኋላ በማስተካከያ ብሎን አይቃናም።

የቀለበት ወይም የመስመር የቀን መብራት መጨመር የምትፈልጉም አላችሁ። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2000 ቀለበቱን 5 ሲሪስ በሚባለው መኪናው ላይ ካመጣው ወዲህ ይህ ነገር ተወዳጅ ነው። ነጭ ምረጡ። መኪና ሲነሳ ቮልቱ ከ12 ወደ 14 ስለሚወጣ የራሱ መቆጣጠሪያ ያለው ይሁን፤ አለዚያ በጥቂት ወራት እየተቆራረጠ ይጠፋል። ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ፣ በትንሽ ፊውዝ በኩል ውሰዱለት፤ ዋናው መብራት ሲበራ እንዲጠፋ አድርጉ። ብርቱካናማውን የፍሬቻና የጎን ክፍል አትንኩ።

ማሸግ

ከማሸጋችሁ በፊት ሁሉንም አብሩና ግማሽ ሰዓት አቆዩት። አጭር፣ ረጅም፣ ፍሬቻ፣ ቀለበት። አሁን ያልታየ ስህተት በኋላ ሌላ ኦቨን ነው።

ከቦዩ ውስጥ የድሮውን ቡታይል በሙቀት እያለሰለሳችሁ አውጡት። መስታወቱን ከውስጥ በኩል በንጹሕ ውኃና በትንሽ ሳሙና አጥባችሁ በራሱ እንዲደርቅ ተዉት፤ አልኮልም ሆነ የመስኮት ማጽጃ አትጠቀሙ፣ ጉም የሚከለክል ስስ ልባስ ሊኖረው ይችላል። አዲሱን የቡታይል ገመድ ሳታቋርጡ ቦዩን ዙሩትና ጫፎቹን አንዱን በሌላው ላይ አስተኙ። አንድ የመጨረሻ ጊዜ በብርሃን ውስጡን እዩ፤ ትንሽ ፀጉር እንኳ ካለ ለዓመታት ስታዩት ትኖራላችሁ።

መስታወቱን አስቀምጡ፣ በ105 ዲግሪ 8 ደቂቃ ኦቨን፣ አውጥታችሁ ዙሪያውን በእጃችሁ ጫኑ፣ በመቆንጠጫ ያዙት፣ ክሊፑና ብሎኑ በቦታው ይግባ። ቡታይሉ ከቦዩ ትንሽ ገፍቶ ሲወጣ ካያችሁት በደንብ ይዟል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ግን አትጠቀሙ፤ የሚወጣው አሲድ አንጸባራቂውን ያጠቁረዋል፣ ደግሞም እንደገና መክፈት ብትፈልጉ አይለቅም። ከኋላ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች አትድፈኑ። መብራት መተንፈስ አለበት።

ከቀዘቀዘ በኋላ የኋላ ክዳኖቹን ዝጉና ዙሪያውን ለ5 ደቂቃ ውኃ አፍስሱበት። ስስ ጉም ታይቶ መብራቱ ሲበራ ከጠፋ ችግር የለውም። ጠብታ ሆኖ የሚወርድ ውኃ ካያችሁ ግን ያልያዘ ቦታ አለ።

መስታወቱ ከውጭ ቢጫ ሆኖ ከነበረ ይህ ጊዜው ነው። ውኃ እያስነካችሁ በ800፣ በ1000፣ በ2000 ከዚያ በ3000 ፍቁት፣ ፖሊሽ አድርጉት። ግን በዚያ አትተዉት፤ ፋብሪካው የቀባውን የፀሐይ መከላከያ አንስታችሁታልና በጥቂት ወራት ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። በዚያው ቀን የአልትራቫዮሌት መከላከያ ያለው ክሊር (ቀለም የሌለው ግልጽ ልባስ) ይቀባ። ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀው ክሊር ጠንካራው ነው፤ ጭሱ ግን ሳንባ ይጎዳል፣ ያለ ትክክለኛ ማስክ አትሞክሩት።

ማስተካከል

መብራቶቹን ግጠሙ፣ ባትሪውን መልሱ። መኪናውን መሬቱ ላይ ባደረጋችሁት ምልክት ላይ አቁሙ። የጎማ ንፋስ ልክ ይሁን፣ ሹፌሩ ወንበር ላይ ሰው ይቀመጥ፣ ውስጥ የመብራት ከፍታ ማዞሪያ ካለ ዜሮ ላይ ይሁን። መስመሩን ከፕላስተሩ ጋር አስተያዩ። የመብራቱ ማስተካከያ ብሎኖች ከኋላ ወይም ከላይ ናቸው፤ አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ጎን ይወስዳል። በሩብ ዙር በሩብ ዙር አዙሩ። ፕሮጀክተር ከገጠማችሁ የድሮው ፕላስተር ብቻውን አይበቃም፦ አጭሩ መብራት በ10 ሜትር ላይ ከመብራቱ መሃል ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይረፍ። መብራቱ ወይም ኮፋኖው ሥር በመቶኛ የተጻፈ ቁጥር ካለ እሱን ተከተሉ፤ 1 በመቶ ማለት ይኸው 10 ሴንቲ ሜትር ነው።

ከዚያ ሌሊት ጨለማ መንገድ ላይ ንዱት። ፊት ለፊት የሚመጡ መኪኖች ረጅም መብራት ብልጭ እያደረጉ ካስጠነቀቋችሁ ወደ ግድግዳው ተመለሱ። ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ውስጡን እዩት፦ ጉም፣ ጠብታ፣ የተነሳ ቀለም። ሳምንቱ አልፎ ምንም ካላያችሁ ፕላስተሩን ከግድግዳው ላይ አንሱት።